ከአንድ ገጽ የወጣ ግማሽ ሰዓት፦ የሊስት ሶናታ በቢ ማይነር

(ይሄ ለሙዚቃ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምጽ ላይ ገልብጬ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፣ ፒያኖ ላይ እየተጫወትኩ ያሳየሁባቸውን ቦታዎች በቅንፍ አስገብቻለሁ፣ የአነጋገሩን ለዛ ግን ብዙም አልነካካሁትም።)

እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዝም ብዬ ወደ ነገሩ ልግባ፣ ምክንያቱም ሥራው ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሙሉውን አብረን እንሰማዋለን ስላልኩ ሰዓት መቆጠብ አለብኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው፣ የፒያኒስቱና የሙዚቃ ደራሲው የፍራንዝ ሊስት የፒያኖ ሶናታ፣ ቢ ማይነር (ማለትም ቤቱ ቢ የምትባለው ኖታ የሆነች፣ ጠቆር ያለ ቶን)። የእጅ ጽሑፉ ላይ ያለቀበት ቀን ተጽፏል፣ ፌብሩዋሪ 2፣ 1853። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።) በቀጣዩ ዓመት በ1854 ታተመ። 760 ባር ነው (ባር ማለት ኖታው ላይ በቋሚ መስመር የሚለየው ትንሽ ክፍል ነው)፣ ከመጀመሪያው ኖታ እስከ መጨረሻው ደግሞ «ክፍል አንድ እዚህ ጋ አለቀ፣ እስኪ ጉሮሯችሁን ጥረጉ» የሚል ማቆሚያ የለውም፣ አንድ ወጥ ነው።

ይሄን ሶናታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር፣ «ኧረ ብዙ ነገር ነው የሚያወርደው፣ የቱን ይዤ ልከተል?» ነው። እኔ ደግሞ ክርክሬ እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ነገር አይደለም። በጣም ጥቂት ነገር ነው፣ እሱው ራሱ ልብስ እየቀየረ ይመጣል። ሊስት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት አጫጭር ሐሳቦች ያስቀምጥላችኋል፣ ትንሽ ቆይቶ አራተኛ ይጨምራል፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ዝግ ያለ ዜማ አለ፣ በቃ። የቀረው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ማዕበል፣ ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ኦክታቭ (አንዱ ኖታ ከፍና ዝቅ ብሎ አንድ ላይ ሲመታ)፣ ከነዚህ የወጣ ነው። እነዚህን ከያዛችሁ ሶናታውን ያዛችሁት፣ ካልያዛችሁት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጣት ሲሮጥ ማየት ነው የሚሆነው፣ እሱም ያው አይከፋም።

(እዚህ ጋ የመጀመሪያዎቹን 17 ባሮች ተጫወትኩ።)

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው። መጀመሪያ ጂ ነው የምትሰሙት፣ ዝቅ ባለ፣ በታፈነ ድምጽ፣ በዙሪያው ዝምታ አለ። ከዛ ከጂ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ስኬል፣ ማለትም የኖታ መሰላል። ጂ፣ ኤፍ፣ ኢ ፍላት፣ ዲ፣ ሲ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ጂ። ወረደ፣ አለቀ። እንደገና ጂ፣ እንደገና መውረድ፣ ግን በሁለተኛው ላይ ሦስት ኖታ ተቀይሯል፣ ኤፍ የነበረው ኤፍ ሻርፕ ሆኗል፣ ሲ የነበረው ሲ ሻርፕ፣ ኤ ፍላት የነበረው ደግሞ ኤ። ሦስት ኖታ ብቻ ነው ግን ቀለሙ ጭራሽ ሌላ ሆነ፣ ምክንያቱም አሁን ስኬሉ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ክፍተት ተፈጠረ፣ በተለምዶ የሃንጋሪ ወይም የጂፕሲ ስኬል የሚባለው ነው። ሊስት የተወለደው በ1811 ራይዲንግ በምትባል መንደር ነው፣ ያኔ ሃንጋሪ ነበረች፣ ዛሬ ኦስትሪያ ውስጥ ናት፣ እና ይሄ ድምጽ ለሱ ከሩቅ የመጣ ጌጥ አይደለም። (ትዝታና ባቲ ስንሰማ ያደግን ሰዎች ደግሞ በኖታ መሃል ክፍተት ስለለመድን ያን ቦታ ቶሎ የምንይዘው ይመስለኛል፣ ግምት ነው።)

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሶናታው ቢ ማይነር ነው ተብሎ ጀመረ ግን ጂ ላይ ነው። ቢ የት አለች? የለችም። እውነተኛው ቢ ማይነር እግሩን ተክሎ የሚቆመው ከ30ኛው ባር ወዲያ ነው፣ እስከዛ ድረስ ሰውዬው ቤት መኖሩን እንኳን አላሳያችሁም። ለዛ ዘመን ጆሮ ይሄ ትንሽ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛው ሐሳብ ባር 8 ላይ ይመጣል፣ አሁን ፈጣን ነው፣ ኃይለኛ ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ላይ በኦክታቭ ይዘላሉ፣ ከላይ ደግሞ ተሰባብሮ ይወርዳል። ይሄ የተናደደ ሰው ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ሦስተኛው ባር 14 ላይ ነው፣ ግራ እጅ፣ ታች ባስ ውስጥ፣ አንድ ኖታ እየደጋገመ ይመታል ይመታል ይመታል፣ ከዛ ትንሽ ቀልቀል ብሎ ይታጠፋል። ጀርመኖቹ የመዶሻ ምት የሚሉት ይሄን ነው። ያስፈራል፣ ደግሞም ያሾፋል፣ ከሥር ሆኖ የሚስቅ ሰው ያለ ነው የሚመስለው።

እስኪ ይሄን ሦስተኛውን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ዛሬ ከምነግራችሁ ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው።

(ባር 14ን ብቻዋን ደጋግሜ መታሁ፣ ከዛ ዘልዬ ባር 153 ሄድኩ።)

ሰማችሁ? ይሄ ሁለተኛው የተጫወትኩት ዜማ፣ ይሄ ልብ የሚያላውሰው፣ ሊስት ኖታው ላይ «እየዘፈነ፣ በስሜት» ብሎ የጻፈበት፣ ዲ ሜጀር ላይ ያለው። ብዙ ሰው «ውይ የፍቅሩ ዜማ መጣ» ብሎ እፎይ ይላል። ግን እኮ ያው መዶሻው ነው! ያው አንድ ኖታ እየደጋገመ፣ ያው መጨረሻ ላይ መታጠፉ። ምን ተቀየረ? ከባስ ወደ ላይ ወጣ፣ ኖታዎቹ ረዘሙ፣ ከሥሩ ለስላሳ አጃቢ ተነጠፈለት፣ ማይነሩ ሜጀር ሆነ። ቅድም ከሥር ሲያሾፍባችሁ የነበረው አሁን እጃችሁን ይዞ ይለምናችኋል። እኔ ይሄን ቦታ ካወቅኩት በኋላ ያን የፍቅር ዜማ ሙሉ በሙሉ ማመን አቅቶኛል፣ ሁልጊዜ ትንሽ እጠረጥረዋለሁ፣ ሊስትም የፈለገው እሱን ይመስለኛል። የሙዚቃ ሰዎች ቴማቲክ ትራንስፎርሜሽን ይሉታል። ስሙ ከባድ ነው እንጂ ነገሩ ያየነው ነው፣ የኖታዎቹ አጥንት ሳይነካ ጠባይው ይቀየራል። ቤትሆቨን ላይ ሐሳቡ ይቆራረጣል፣ ይበተናል፣ ይከራከራል፣ እዚህ ግን ሐሳቡ እንዳለ ሆኖ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል።

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ አንድን ኖታ እየደጋገሙ መምታት በድሮው ፒያኖ ላይ በፍጥነት ለመሥራት ችግር ነበር። ቁልፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ካልተመለሰ ገመዱን የሚመታው የፒያኖው መዶሻ ድጋሚ አይመታም ነበር። ኤራር የሚባለው የፒያኖ ፋብሪካ በ1821 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ይሄን ፈታው፣ ቁልፉ ግማሽ መንገድ ላይ እያለ እንኳን ድጋሚ መምታት ተቻለ፣ ሊስት ደግሞ በልጅነቱ ፓሪስ ሲሄድ የኤራር ፒያኖ ላይ ያደገ ልጅ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ የሊስት እሳት ከጣቱ ብቻ አይደለም የመጣው፣ ከሳጥኑ ውስጥ ካለው እንጨትና ስፕሪንግም ነው።

አራተኛው ሐሳብ ባር 105 ላይ ነው፣ ግራንዲዮዞ ይላል፣ ማለትም ታላቅ፣ ግርማ ያለው። ዲ ሜጀር፣ በሁለት እጅ የታጨቁ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች)፣ ከላይ ደግሞ ደረጃ እንደሚወጣ ዜማ። ስለሱ ብዙ አላወራም፣ ሲመጣ ራሱ ይነግራችኋል፣ መሳት አይቻልም። ብቻ እሱ ከመድረሱ በፊት ባስ ውስጥ ያ የመጀመሪያው ወራጅ ስኬል እያንኳኳ ሲመጣ ስሙት፣ ሊስት ትልቅ በር ሊከፍት ሲል ሁልጊዜ በዛ ስኬል ነው የሚያንኳኳው። መጀመሪያ ላይ፣ መሃል ላይ፣ መጨረሻ ላይ። እሱ ስኬል ሲመጣ «አሃ፣ የሆነ ነገር ሊቀየር ነው» በሉ።

አሁን ወደ ቅርጹ ልምጣ፣ ምሁራኑ ወረቀት የሚጨርሱበት ጉዳይ ነው።

ሶናታ ስንል በተለምዶ ሦስት ወይ አራት ክፍል ያለው ሥራ ነው፣ ፈጣን፣ ዝግተኛ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ ፍጻሜ። በየመሃሉ እረፍት አለ። ከነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሱ የውስጥ ቅርጽ አለው፣ ሐሳቦቹ ይቀርባሉ፣ የመጀመሪያው በቤቱ ቶን ሁለተኛው በሌላ ቶን፣ ከዛ ይብላላሉ፣ ይጣላሉ፣ ከዛ ሁሉም ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ያ ሁለተኛው ሐሳብም ጭምር አሁን በቤቱ ቶን። ሃይድን፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን እንዲህ ነው የሠሩት፣ በየራሳቸው መንገድ።

ሊስት ምን አደረገ? ሁለቱን አንድ ላይ ሠራቸው። ሶናታው ከባር 1 እስከ 760 አንድ ትልቅ ክፍል ነው፣ ማቅረብ፣ ማብላላት፣ መመለስ አለው። ያው ሶናታ ደግሞ በሌላ በኩል ስታዩት አራት ክፍል ነው፣ እስከ 330 ድረስ ፈጣኑ፣ ከ331 ጀምሮ አንዳንቴ ሶስቴኑቶ የሚለው ዝግተኛው፣ 460 ላይ ቀልጠፍ ያለው ፉጋ (ድምጾች አንዱን ዜማ እየተከታተሉ የሚገቡበት)፣ 533 ላይ ፍጻሜው። አሜሪካዊው የሶናታ ታሪክ አጥኚ ዊልያም ኒውማን ባለ ሁለት ተግባር ቅርጽ ብሎ ሰይሞታል፣ ስሙም ጸንቶ ቀርቷል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይሄ ብዙ አይከብድም፣ አንዱ ስንኝ ሁለቴ ይፈታል፣ ሁለቱም ፍቺ ልክ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ሰሙ የቱ ወርቁ የቱ እንደሆነ እስካሁን አለመስማማታቸው ነው፣ ማብላላቱ የት ጋ ጀመረ፣ መመለሱ የት ጋ ነው የሚለውን ምሁራን ዛሬም በተለያየ ባር ላይ ያስቀምጡታል። እኔ 533 ከሚሉት ጋር ነኝ።

ከባዶ ተነስቶ ግን አይደለም። ሹበርት በ1822 ዋንደረር ፋንታሲ የሚባለውን ጽፏል፣ እሱም አራት ክፍል ያለ እረፍት፣ ሁሉም ከአንድ ሪትም የወጡ። ሊስት ያን ሥራ በጣም ይወደው ነበር፣ ሶናታውን ከመጻፉ ትንሽ ቀደም ብሎም ለፒያኖና ለኦርኬስትራ አድርጎ አቀናብሮታል። አንድን ሥራ ኖታ በኖታ ፈትቶ ድጋሚ የገጠመ ሰው ሚስጥሩ እጁ ላይ ይቀራል።

እና ዝግተኛው ክፍል፣ ኤፍ ሻርፕ ሜጀር ላይ ያለው፣ ዝም ብላችሁ ስሙት፣ ምንም አልነግራችሁም። ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ግን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምወደው ተንኮል እሱ ነው። ዝግተኛው ክፍል ከስሞ ሲያልቅ ያ ወራጅ ስኬል ይመጣል፣ በሩ ይንኳኳል፣ ግን አሁን ጂ ላይ አይደለም፣ ኤፍ ሻርፕ ላይ። ግማሽ ቶን ዝቅ ብሏል። ከዛ ፉጋ ይጀምራል፣ ሦስት ድምጽ እየተከታተሉ የሚገቡበት፣ ጸጥ ብሎ፣ ሹክሹክታ በሚመስል ጀምሮ እያደገ የሚሄድ።

(የፉጋውን የመጀመሪያ ድምጽ ብቻውን ተጫወትኩ።)

የፉጋው ርዕስ ከምን እንደተሠራ ሰማችሁ? የመጀመሪያው ግማሽ ያ ተናዳጁ የኦክታቭ ዝላይ ነው፣ ሁለተኛው ግማሽ መዶሻው ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ ሲጣሉ የነበሩት ሁለቱ ተሰፍተው አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኑ። ይሄ አንድ። ሁለት፣ ጆሯችሁ እዚህ ጋ «አሁን ወደ ቤት ተመለስን» ማለት ይፈልጋል፣ በሩ ተንኳኳ፣ የመጀመሪያው ገጽ ሐሳብ ተመለሰ፣ ሁሉም ምልክት አለ። ግን ቶኑ ቢ ማይነር አይደለም፣ ቢ ፍላት ማይነር ነው። ከቤት ግማሽ ቶን ርቀት ላይ! ግቢው ይመሳሰላል በሩ ይመሳሰላል ግን የጎረቤት ነው። እውነተኛው ቢ ማይነር ለመምጣት ገና ሰባ ምናምን ባር መታገል አለበት፣ ባር 533 ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጉልበት የሚሰማው ለዛ ነው። ፉጋ ማለት ብዙዎቹ የሊስት ዘመን ሰዎች «እኔም የፉጋውን ጌታ ባህን አንብቤያለሁ» ለማለት የሚያስገቡት ነገር ነበር፣ እዚህ ግን ሥራ ይሠራል፣ የተሳሳተ በር ላይ ያቆማችኋል።

ትንሽ ደግሞ ስለ ሰዎቹ ላውራ፣ ፊታችሁ ላይ ድካም አይቻለሁ።

ሊስት በ1840ዎቹ አውሮፓ ውስጥ የሱን ያህል የሚታወቅ ፒያኒስት አልነበረም። ሴቶች ጓንቱን ይሻሙ ነበር የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በ1847 ገና 36 ሳይሞላው የትኬት ኮንሰርት ዙረቱን አቆመ፣ በቀጣዩ ዓመት ቫይማር ገብቶ ተቀመጠ፣ የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ መሪ ሆኖ፣ ከልዕልት ካሮሊን ጋር አልተንቡርግ በሚባለው ቤት። ሶናታው የተጻፈው እዛ ነው፣ ጭብጨባውን ትቶ ቁጭ ባለበት ጊዜ። ይሄን የማነሳው ሥራው የሰርከስ ፒያኒስት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ሰውዬው ሰርከሱን ትቶ ነው የጻፈው።

ሶናታውን ለሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን ነው መታሰቢያ ያደረገው። ሹማን በ1839 የታተመውን ፋንታሲ በሲ ሜጀር የሚባለውን ትልቅ ሥራውን ለሊስት ሰጥቶት ነበር፣ ስለዚህ ብድር መመለስ ነው። ግን ኅትመቱ ሹማን ቤት ሲደርስ ሜይ 1854 ነበር፣ ሹማን ደግሞ በዛው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ወርውሮ ከወጣ በኋላ ቦን አጠገብ ኤንደኒኽ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ገብቷል። ቤት ያለችው ሚስቱ ክላራ ናት፣ ራሷ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ፒያኒስቶች አንዷ። ወጣቱ ብራምስ፣ በኋላ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ የሆነው፣ ተቀምጦ ተጫወተላት። ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው በአጭሩ እንዲህ ነው፣ ባዶ ጫጫታ ነው፣ አንድም ጤነኛ ሐሳብ የለበትም፣ ሁሉም የተምታታ ነው፣ አሁን ደግሞ ለዚህ ብዬ ላመሰግነው ነው! እኔ ክላራን አልፈርድባትም። ባሏ እንደዛ ሆኖ ሆስፒታል፣ ቤቱ ሙሉ ልጅ፣ የመጨረሻው ገና ሆዷ ውስጥ ነው ያለ፣ በዛ ላይ እንዲህ ያለ ማዕበል በፖስታ ሲመጣላችሁ እናንተስ ምን ትሉ ነበር።

ለሕዝብ የቀረበው በ1857 ጃንዋሪ በርሊን ውስጥ ነው፣ የተጫወተው ሃንስ ፎን ቡሎ፣ የሊስት ተማሪ፣ በዛው ዓመት ደግሞ የሊስትን ልጅ ኮሲማን አግብቶ አማቹ የሆነው። የተጫወተበት ፒያኖ የፒያኖ ሠሪው የቤክሽታይን የመጀመሪያው ትልቁ ግራንድ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ተመረቁ ማለት ነው። ጋዜጣው አልማረውም። ከዓመታት በኋላ የቪየናው ተቺ ሃንስሊክ ሰምቶት፣ ይሄን ሰምቶ ቆንጆ ነው የሚል ሰው ካለ ከእርዳታ ውጭ ነው የሚል ነገር ጻፈ። ከወደዱት ሰዎች ደግሞ ዋናው የኦፔራ ደራሲው ቫግነር ነው፣ በ1855 ለንደን ውስጥ ክሊንድቮርት የሚባለው የሊስት ተማሪ ሲጫወትለት ወዲያው ለሊስት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከምንም በላይ ቆንጆ፣ ታላቅ፣ ጥልቅ፣ ልክ እንዳንተው እያለ። ያው ቫግነርም በኋላ ኮሲማን ከቡሎ ወስዶ አግብቷል፣ ስለዚህ የሶናታው ሁለት ትልልቅ ደጋፊዎች ተራ በተራ የሊስት አማቾች ሆነዋል። ወሬ ነው፣ ግን እውነተኛ ወሬ።

እሺ፣ መጨረሻው። የሊስት የእጅ ጽሑፍ ኒውዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፣ ፎቶ ኮፒውም ታትሟል፣ እና መጨረሻው ገጽ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሊስት መጀመሪያ የጻፈው ሌላ መጨረሻ ነው። ጩኸት፣ ኮርድ፣ ድል፣ አዳራሹ ተነስቶ የሚያጨበጭብበት። ጻፈው፣ ከዛ ሰረዘው። በምትኩ ዛሬ የምናውቀውን ጻፈ። እስኪ አስቡት፣ ከሱ በፊት ፕሬስቲሲሞ፣ ማለትም እጅግ ፈጣኑ ቦታ አለ፣ ኦክታቭ በኦክታቭ፣ ፒያኒስቶችን በእንቅልፋቸው እንኳን የሚያልባቸው፣ ከዛ ግራንዲዮዞው ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ ጉልበት ይመጣል፣ እዛ ላይ ማንም ሰው የሚጠብቀው ሁለት ሦስት ትልልቅ ኮርድ ነው። እሱ ግን ዝም አለ፣ ከዛ የዝግተኛው ክፍል ዜማ ተመለሰ። ከዛ መዶሻው ባስ ውስጥ፣ አሁን የሚያስፈራው ነገር ወጥቶለት። ከዛ ያ ተናዳጁ ዝላይ፣ ንዴቱ በርዶ። ከዛ ወራጁ ስኬል። ማለትም የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ኋላ እያነበበው ነው የሚሄደው፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ከዛ ላይኛው ድምጽ ላይ ሦስት ኮርዶች፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ ሜጀር፣ ቢ ሜጀር፣ ከዛ ታች ጥግ አንዲት ቢ፣ አጭር።

ይሄ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ቅርጽም ነው የምለው። ድሉን ቢያስቀምጠው ኖሮ አራተኛው ሐሳብ አሸነፈ ማለት ነበር፣ ሌሎቹ ግን መልስ ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። ያ ጂ ላይ የጀመረው ስኬል ቤቱን ሳያገኝ። አንድ ሌሊት ይሁን ሳምንት አላውቅም፣ ግን ያን ገጽ በሰረዘበት ጊዜ ሊስት ከሊስት በልጧል፣ ጭብጨባ ሲለምን የኖረ ሰው ጭብጨባውን በገዛ እጁ ቆረጠ።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ነበር፣ ሁሉንም አላስገባሁም።)

አንድ ጠያቂ፣ «ሶናታው ስለ ፋውስት ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» አለኝ። ይባላል አዎ። ፋውስት የጎተ ተውኔት ነው፣ ከሰይጣን ጋር ስለሚዋዋል ሊቅ። ተናዳጁ ፋውስት፣ መዶሻው ሰይጣኑ ሜፊስቶፌሌስ፣ የፍቅር ዜማው ፋውስት የሚወዳት ግሬትሸን። ሌሎች የኤደን ገነት ነው ይላሉ፣ ሌሎች የራሱ የሊስት የሕይወት ታሪክ። ሊስት በሌሎች ሥራዎቹ ላይ ርዕስና ታሪክ ለመስጠት ስስት የሌለበት ሰው ነው፣ ፋውስት ሲምፎኒ ሲጽፍ ፋውስት ብሎ ነው የጻፈው፣ ዳንቴንም ዳንቴ ብሎ። እዚህ ላይ ሶናታ ብሎ ብቻ ተወው። ሰውዬው ፈልጎ ካልነገረን እኛ ምን አስቸኮለን? ደግሞ ፋውስትን ካስገባችሁት ጆሯችሁ ገጸ ባሕሪ ፍለጋ ይሄዳልና ያ መዶሻ ወደ ፍቅር ሲቀየር ያመልጣችኋል፣ ምክንያቱም በታሪኩ ሜፊስቶና ግሬትሸን ሁለት ሰው ናቸው፣ በኖታው ግን አንድ ናቸው። እኔ ኖታውን አምናለሁ።

ሌላዋ እህታችን፣ «ብራምስ ሊስት ሲጫወት ተኝቷል የሚባለውስ?» አለች። በ1853 ብራምስ የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ ቫይማር ሄዷል፣ ይሄ እርግጥ ነው። ሊስት ሶናታውን ሲጫወት አንቀላፋ የሚለውን የተረከው ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ የሊስት ተማሪ ነው፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እና የሚጠራጠሩ አሉ። ተኝቶ ከሆነም ረጅም መንገድ ተጉዞ የመጣ ልጅ ነው። የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ በዓመቱ ለክላራ ቁጭ ብሎ የተጫወተላት እሱው ነው፣ እና የተኛበትን ሥራ እንዲያ አንብቦ መጫወት ቀላል አይደለም።

«የማንን ቅጂ ልስማ?» ላላችሁኝ። ሆሮዊትዝ በ1932 የቀዳው አለ፣ ድምጹ አሮጌ ነው፣ ግን እንደዛ የሚያስፈራ ሰው አልሰማሁም። ማርታ አርገሪች ፈጣን ናት፣ እሳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ግን ትንሽ ታጣድፋለች፣ ይሄን ስል የሚጠሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ቅርጹን ለመከተል ብሬንድል ጥሩ ነው፣ እያንዳንዱን ሐሳብ ቦታው ላይ አስቀምጦ ነው የሚያሳልፋችሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ለሚፈልግ ዚመርማን፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ይወስዳል ግን አንዷም ደቂቃ አትባክንም። ኖታውን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ማንበብ ባትችሉም አውርዱት፣ ባር 8፣ 14፣ 105፣ 153፣ 331፣ 460፣ 533 ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በጣታችሁ እየተከተላችሁ ስሙ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ የመጣው ነበር፣ «መቼ ነው የሚጨበጨበው?» የሚለው፣ ሰው ሳቀ ግን በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ባር 710 አካባቢ፣ ከዛ ሁሉ ጩኸት በኋላ ድንገት ዝም ይላል፣ ዝምታው ረዘም ይላል፣ በየኮንሰርቱ አንድ ሰው እዛ ጋ ያጨበጭባል። እባካችሁ እዛ ጋ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ገና 50 ባር ይቀራል።